የደሴዋ ጄሲ

ሲልቨር ስፕሪንግ
መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሉባባ፣

የአላህ ሰላም ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ ይሙላ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ስልክ ብደውል እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ይኸው እንደ ድሮው በብዕር መጣሁ። ደብዳቤውን ሸፊቃ ታደርስልኛለች፤ ወንድሟን ልትድር ደሴ እየሄደች ነው። እኛ ደህና ነን። አብዱልሰላም አሁንም አርሊንግተን ኤርፖርቱ ላይ ይሠራል፤ እኔም ፋርማሲው ውስጥ ስድስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ነጃት አሥራ አምስት ሞላት። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ እኔም በአማርኛ እቀጥላለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደሚደክመው እናያለን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነጃት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ምራቋን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ ዘር ለሚመረምር ድርጅት ልካ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ የስኮትላንድ ደም እንዳለባት ነገራት። ይህ አልገረመኝም፤ አያቴ ጄሲ ከዚያ አገር እንደመጣች ቤታችን ሁሉ ያውቃል። ያላወቅሁት ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ሴት ኮል አደረገችኝና “እናቴና ልጅሽ የሥጋ ዘመድ ናቸው ይላል” አለችኝ። እናትየዋ አኒ ትባላለች፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ ከእኔ ቤት በመኪና አርባ ደቂቃ።

ቅዳሜ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ናት። ፊቴን ትንሽ አየችና “ግቢ፣ የእናቴን አፍንጫ ይዘሽ መጥተሻል” አለችኝ። ተቀምጠን ስንነጋገር ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። እናቷ ጄሲ ዋት ናት። የእኔ አያት ጄሲ ዋት! አክስቴ፣ አባቴ አብራር ታላቅ እህት ነበረችው ማለት ነው። ያውቅ ነበር? ለእኔ አንድም ቀን አላነሳልኝም፤ አሁን ደግሞ አፈር ሆኗል፣ አልጠይቀው።

ልሰናበታት ስነሳ እጄን ያዘችና “አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። እናቴ እዚያ አገር ስሜን አንስታ ታውቃለች?” አለችኝ። አያቴ ስትሞት ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምን ልበላት? እርስዎ ግን በጄሲ እጅ ነው ያደጉት። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ። የሚያስፈልግዎትንም አብረው ይንገሩኝ።

ዕድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ።
ልጅዎ ሐፍሳ አብራር

*

ደሴ
ህዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐፍሳ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ አንቺንም ባልሽንም ልጅሽንም አንድ በአንድ ይሳማችሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ጆሮዬ ግን ከባሰበት ቆይቷል። ባለፈው የላክሽልኝ የጆሮ ማዳመጫ ባትሪው አልቋል፤ ቁጥሩን በጀርባው ጽፌልሻለሁ። ሌላው፣ “ኮል አደረገችኝ” አትበይ፤ “ደወለችልኝ” የሚል ቃል አለን። አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሰው ዘመድሽ ናት፣ አታሳፍሪኝ።

ስለ ጄሲ የማውቀውን ልንገርሽ። አጎቴ እንድሪስ ይማም በልጅነቱ ከወረባቦ ወጥቶ በታጁራ በኩል ኤደን ገባ፤ እዚያ በእንግሊዝ መርከብ ላይ የድንጋይ ከሰል አንዳጅ ሆነ። ብዙ ዓመት ባሕር ላይ ኖሮ፣ የዓለም ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ስኮትላንድ ውስጥ ጄሲን አገባ። ጄሲ የትልቅ ሰው ልጅ ነበረች። አባቷ የመርከቦች ጌታ ነበሩ፤ ቤታቸው አሽከርና ገረድ የሞላበት። ሁሉን ትታ ነው የተከተለችው። በ1940 ዓ.ም. በክረምት፣ ከአሰብ በመጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ደሴ ገቡ። ሰዎች ስሟን ሲጠይቋት “ጄሲ” ትላለች፤ እነሱ “ደሴ” ያለች ይመስላቸውና “አዎ ደርሰሻል፣ ደሴ ነው” ይሏታል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ተባብለዋል። እስልምናን ተቀብላ ዘይነብ ከተባለች በኋላም ማንም ዘይነብ ብሎ አልጠራትም፤ የደሴዋ ጄሲ ሆና ቀረች።

እንድሪስ የመኪና ጥገና ከፈተ፤ እሷ ደግሞ በአሰብ መንገድ ለሚመላለሱ ሾፌሮች ቋንጣ እያዘጋጀች ትሸጥ ነበር። እኔ እናቴ በሞተች ጊዜ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ጄሲ ወስዳ አሳደገችኝ። ይህን ታውቂዋለሽ።

አሌክሳንድሪያ ያለችው ሴት ስላለችው ነገር፣ ምራቅም ይሳሳታል። ብዙ አትተማመኚበት።

ኑሮሽን አላህ ያቅናልሽ።
አክስትሽ ሉባባ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ
ህዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከእኔም ከቤተሰቤም የናፍቆት ሰላምታ ይድረስዎ። ባትሪውን አሥራ ሁለት ፍሬ ልኬያለሁ፤ ቢያንስ እስከ ክረምት ያደርስዎታል። “ደወለችልኝ” የሚለውንም ተምሬያለሁ።

ደብዳቤዎን እየተረጎምኩ ለአኒ አነበብኩላት። ስለ ደሴና ጄሲ ስትሰማ ሳቀች። የመርከቦች ጌታ ወደሚለው ስደርስ ግን እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። “አያቴ የሌላ ሰው ጀልባ ላይ መረብ ጎታች ነበር። አሽከርና ገረድ ያልሽው ደግሞ እናቴ ራሷ ናት” አለችኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራችልኝ። ነጃትም አብራኝ ነበረች፤ ስልኳን ሳትነካ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስታዳምጥ ዋለች።

አገራቸው በስኮትላንድ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ፒተርሄድ ከምትባል ወደብ አጠገብ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የጄሲ አያት፣ ወንዶቹ ገና ከጠዋቱ እግራቸው ረጥቦ በብርድ እንዳይሞቱ፣ ባሏን በጀርባዋ አዝላ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ እየገባች ጀልባው ላይ ታስቀምጠው ነበር። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ያደርጉታል። የጄሲ እናት ኤልስፔት ደግሞ ዓሣ ሰንጣቂ ነበረች። ጄሲም በአሥራ አምስት ዓመቷ እሷን ተከትላ ገባች። ሦስት ሦስት ሴቶች አንድ ቡድን ናቸው፤ ሁለቱ ዓሣውን ሰንጥቀው ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፣ አንዷ በርሜል ውስጥ ጨው እየነሰነሰች ትደረድራለች። ዓሣው ወደ ደቡብ ሲሄድ እነሱም በባቡር እየተከተሉት ከወደብ ወደ ወደብ ይጓዛሉ። በደቂቃ ሠላሳ አርባ ዓሣ ይሰነጥቁ ነበር አለች አኒ። በሥራው የሚያህላት እንዳልነበረ ስትናገር በኩራት ነው።

አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ጄሲ ከሁለት ሴቶች ጋር በርሜል አጠገብ ቆማለች፤ የሦስቱም ጣቶች በብጣሽ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቢላው እንዳይቆርጣቸው፣ ቢቆርጣቸውም ጨው እንዳይገባበት ነው። አክስቴ፣ አባቴ ቋንጣ ሲዘለዝል ጣቶቹን በጨርቅ ያስር ነበር። እኔም እንደሱ አስራለሁ። አብዱልሰላም “ይህን ከየት አመጣችሁት?” እያለ ሲስቅብኝ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። መልሱን አሁን አገኘሁለት።

የአኒ አባት ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሊጋቡ ቀን ቆርጠው ሳለ በጦርነቱ ሰጠመ። አኒ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጄሲ ለሥራ ስትዞር አያቷ ኤልስፔት አሳደገቻት። ጄሲ እንድሪስን አግብታ ልትሄድ ስትል አያቷ “አንቺ ከፈለግሽ ሂጂ፣ ልጅቷ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም” አለች። አኒ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጄሲ በሩ ላይ ተንበርክካ “ቤት ስሠራ መጥቼ እወስድሻለሁ” አለቻት። አልመጣችም። አኒ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የነገረችኝ። ጥያቄዋ ግን ያው ነው፤ መልሱን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ደህና ያሰንብተን።
ሐፍሳ

*

ደሴ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐፍሳ፣

ጤናሽና ጤናዬ አይለያዩ። ባትሪው ደርሷል፤ በደንብ ይሠራል። አሁን የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር እሰማለሁ። መልስ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ስለ ጄሲ የነገርኩሽን ነግሬሻለሁ። ሌላ ባትሪም ሆነ መነጽር አትላኪ፤ ሁሉም አለኝ።

ያቺ ሴት የራሷ ፎቶ ካላት አንድ ላኪልኝ። የልጅነቷ ቢሆን ይሻላል።

ሉባባ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

አክብሮቴና ፍቅሬ እንደ ሁልጊዜው ነው። ፎቶውን ከዚህ ጋር አያይዤልዎታለሁ፤ አኒ በአሥራ አንድ ዓመቷ የተነሳችው ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ሦስት ወር ሲዘገይ ብዙ ነገር ሆኗል። ከሁለት ሳምንት በፊት አኒ ልቧን ታማ ሆስፒታል ገባች፤ ደረቷን ሳይከፍቱ በደም ሥሯ ባስገቡት ቱቦ የልቧን ቫልቭ ቀየሩላትና በአራተኛው ቀን ቤቷ ተመለሰች። እኔ በየሁለት ቀኑ ድልድዩን ተሻግሬ እሄዳለሁ። መድኃኒቷን በየሰዓቱ ለይቼ አስቀምጥላታለሁ፤ ሥራዬ ነውና ይቀለኛል። ነጃት የአያት እህት ለማለት “ግራንድ አንት” እያለች ትጠራታለች። ሐኪሞቹ ደህና ትሆናለች ብለዋል። ቢሆንም ሰማንያ አራት ሞልቷታል።

አክስቴ፣ በድፍረት ልናገር፣ አይቆጡኝ። አባቴ እርስዎ ክፍል ውስጥ የተማረ ነው። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ዘሎ ቢመልስ ወረቀቱን ሳያርሙ እንደሚመልሱለት ይነግረኝ ነበር። የአኒን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ዘለውታል። የማያውቁት ቢሆን “አላውቅም” ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ያውቃሉ። መልሱ ከባድ ቢሆን እንኳ አኒ ትችለዋለች፤ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የቻለች ሴት ናት።

ወረቀቱን መልሼልዎታለሁ።
ልጅዎ ሐፍሳ

*

ደሴ
ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐፍሳ፣

የሰውን ልብ የሚያረጋጋው አላህ የእኔንም የአንቺንም ያረጋጋልን። ደብዳቤሽን አንብቤ አልተቆጣሁም። ልክ ነሽ። አሁን ጥያቄውን ሳልዘል እመልሳለሁ፤ ለአኒ ቃል በቃል አንብቢላት።

ስሟን አንስታ ታውቃለች ወይ? ፊደል ሳልቆጥር የአኒን ስም አውቅ ነበር። በየዓመቱ መጋቢት አራት ቀን ጄሲ ስኳር ያለው ቂጣ ጋግራ ታበላንና “ዛሬ አኒ ዘጠኝ ሞላት” “ዛሬ አኒ አሥር ሞላት” ትለን ነበር። እንድሪስም ያውቃል። ለውጭ ሰው የመርከቦች ጌታ ልጅ ናት ብሎ ያወራው እሱ ነው፤ የደሃ ልጅ ናት፣ ሳታገባ ወልዳለች ብለው እንዳይንቋት ብሎ። እኔም እሱ ያለውን ስደግም ኖርኩ። ዓሣ ሰንጣቂ መሆኗን ግን ለእኔ አልደበቀችኝም።

መጣሁ ብላ ያልመጣችው በእኔ ምክንያት ነው።

በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤታቸው ተሠርቶ አለቀ። እንድሪስ “በይ ልጅሽን አምጪ” አላት። ቲኬት ተቆረጠ። እስከ አሰብ በመኪና፣ ከአሰብ ኤደን፣ ከዚያ በትልቁ መርከብ። አብራር ገና ጡት ስላልተወ ይዛው ልትሄድ ነው፤ እኔ ከእንድሪስ ጋር ልቀር። ሰባት ዓመቴ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን “አሁን የራሷ ሴት ልጅ ስትመጣ አንቺ ወዴት ልትሄጂ ነው?” አለችኝ። ቀልዷን ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጄሲ ፓስፖርቷን ሻንጣው ላይ አስቀምጣ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ አንስቼ ጤፍ ጎታው ውስጥ ክንዴ እስከሚደርስበት ድረስ ቀበርኩት።

ቤቱ ተፈተሸ። እንድሪስ የቤት ሠራተኛዋን ተጠራጥሮ አባረራት፤ ያም በእኔ ላይ ነው። መኪናው ሄደ፤ መርከቡም ሄደ። ሌላ ፓስፖርት ለማውጣት ጄሲ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰች። በኋላ ጎታው ሲጎድል ፓስፖርቱ ወጣ። ያገኘችው ራሷ ናት። እኔ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። ጤፉን በቀሚሷ ጠርጋ ገለጥ አደረገችውና ቀና ብላ አየችኝ። ማን እንዳደረገው ወዲያው አወቀች። እንድትመታኝ ጠበቅኩ።

“ቁርስ በልተሻል?” አለችኝ።

“አልበላሁም” አልኳት።

“ነይ እንብላ” አለች። ሌላ አልተናገረችኝም። ለእንድሪስም እቃ መሐል አገኘሁት አለችው። ሠራተኛዋን ፈልጋ ይቅርታ ጠይቃ መለሰቻት። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ከስኮትላንድ ደብዳቤ መጣ። አነበበችው። ምን እንደሚል አልነገረችኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዞው አንስታ አታውቅም። በመዘግየቷ ተቆጥተው እንደሆነ ገባኝ።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለልጆቼም። አርባ ዓመት የሰው ልጅ ሲዋሽ ስቀጣ ኖርኩ። ፎቶውን ካገኘሁ ጀምሮ መጽሐፌ ውስጥ አድርጌ በየቀኑ አየዋለሁ። ልጅቷ ቆንጆ ናት። ይቅርታዋን እለምናለሁ፤ ባትሰጠኝም አልቀየማትም።

ሉባባ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይድረስዎ፤ ይህን ደብዳቤ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ሸፊቃ ነገ ጠዋት እንደገና ትበራለች።

እሁድ ዕለት አኒ ጋ ሄድኩ። እኔ እያነበብኩላት ነጃት ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ጽፋ አዘጋጅታ ነበር፤ ራሷ ላንብብ አለች፤ እኔ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ስለ ልደቷ የጻፉት ጋ ስትደርስ አኒ “እንደገና አንብቢልኝ” አለች። ሦስት ጊዜ ተነበበላት። ጎታው ጋ ስትደርስ ግን አኒ ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ነጃት ደንግጣ አየችኝ። እኔም ከፋባት ብዬ ተነሳሁ።

“ስንት ዓመቷ ነበር አልሽ?” አለችኝ።

“ሰባት።”

“እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከእሷ ይልቅ እኔ ነገር የሚገባኝ ነበርኩ” አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ቀጥላ የተናገረችውን ለልጇ እንኳ ነግራት አታውቅም።

በዚያ ዓመት መጸው ላይ እናትሽ ትመጣለች ተብሎ ቀኑ ሁሉ ተነግሯት ነበር። የሠፈሩ ልጆች ሁሉ ሰምተዋል። ቀኑ ሲደርስ ባቡር ጣቢያ ሄዳ ጠበቀች፤ በማግሥቱም ሄደች፤ በሦስተኛውም። ሦስተኛው ቀን ላይ አያቷ መጥታ እጇን ይዛ መለሰቻት። እናቷ ፓስፖርት ጠፍቶባት ነው፣ በቅርቡ ትመጣለች የሚል ደብዳቤ በኋላ ደረሰ፤ አኒ አላመነችም። ገናን አሳልፋ ራሷ ቁጭ ብላ ጻፈች። ያ ጄሲ ያነበበችው ደብዳቤ የአኒ ነው። “አትምጪ። እኔ እዚህ እናት አለኝ። ያንቺን አገር አልፈልግም” የሚል ነው። አያቷ ሳታይ ፖስታ ቤት ወስዳ አስገባችው።

“ተናድጄ ነው” አለችኝ። “ግን እውነቱን ልንገርሽ። ብትመጣም አልጋ ሥር ነበር የምደበቀው። አያቴን ጥዬ የትም አልሄድም ነበር። እናቴ ስሜን አንስታ ታውቃለች ወይ እያልኩ ስጠይቅሽ የነበረው፣ ያ ደብዳቤ ምን እንዳደረጋት ለማወቅ ነው። በቀጥታ መጠየቅ ፈርቼ።”

እና አክስቴ፣ አሁን በቀጥታ ትጠይቅዎታለች። ደብዳቤው እናቷን ጎድቷት ነበር? ስለ ይቅርታው ደግሞ እንዲህ በያት አለችኝ፤ “ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ያሳደገችንን ለማጣት ፈቃደኛ አልነበርንም። እኔም የያዝኩትን አለቅም አልኩ፣ አንቺም። ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?”

መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ይጻፉላት። ነጃት ታነብላታለች። የእርስዎን እጅ ጽሕፈት ለማንበብ ስትል ፊደል ጀምራለች፤ እስካሁን “መ” ላይ ደርሳለች።

ሐፍሳ

*

ደሴ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአኒ፣

ይህ ሰላምታ ሰባ ዓመት ዘግይቶ ነው የሚደርስሽ፤ ተቀበዪው። በዕድሜ ትበልጪኛለሽና አንቱ ልልሽ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን በአንድ እናት እጅ ያደጉ ልጆች አንቺ ነው የሚባባሉት።

የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። አልዋሽሽም፤ ጎድቷታል። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ በእኔ የተነሳ መስሎኝ ከአጠገቧ አልተለየሁም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነስታ ሻንጣውን ከፈተች። ላንቺ ብላ የሰፋችው ቀሚስ ውስጡ ነበር፤ ከየመናዊው ሱቅ በተገዛ ጥሩ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ልክ። እኔ ያን ቀሚስ በጣም እፈልገው ነበር። አሁን ለእኔ ትሰጠኛለች ብዬ ተጠጋኋት። እሷ ግን ታጥፎ የተሰፋውን ጫፉን ፈታችና በአንድ ጣት ያህል አረዘመችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

“ለማን ነው?” አልኳት።

“ለአኒ። ልጅቷ የራሷ ሐሳብ አላት። የእናቴ ልጅ ናት” አለችኝ። ስትናገር ፈገግ ብላ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በየዓመቱ መጋቢት አራት ቀን ቂጣውን ከበላን በኋላ ቀሚሱን ታወጣዋለች። አንዳንዴ ጫፉን ታረዝማለች፣ አንዳንዴ ወገቡን ታሰፋለች፤ ጨርቅ ሲያንሳት ከታች ሌላ ጨመረችበት። “አሁን እዚህ ድረስ ትደርሳለች” እያለች እኔን አቁማ ትለካብኝ ነበር። አራት ዓመት ስለማንስሽ ሁልጊዜ ይሰፋኛል። አሥራ ስምንት እስክትሞዪ ድረስ እንዲህ አደረገች። ከዚያ “አሁን ማደግ አቁማለች” ብላ መቀጠሉን ተወችው።

እኔ ሳገባ አውጥታ አለበሰችኝ። “የእህትሽ ነው፤ አውሼሽ ነው” አለችኝ። ባሌ ቤት ይዤው ሄድኩ። ልመልስላት ስል “እኔ ጋ ምን ያደርጋል፤ አንቺ ጋ ይቀመጥ” አለች። በ2014ቱ ጦርነት ቤቴ ሲዘረፍ እንኳ አልወሰዱትም፤ አሮጌ መስሏቸው ይሆናል።

ሸፊቃ ይዛልሽ መጥታለች። አሁን ለመልበስ እንደማይሆንሽ አውቃለሁ። ስፌቱን ግን ከታች ወደ ላይ ቁጠሪው፤ በየዓመቱ አንድ መስመር አለ፣ ክሩም የተለያየ ቀለም ነው። ምን ያህል ታስታውስሽ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እሱ ይነግርሻል።

ግራ ብብቱ ላይ ትንሽ ተተርትሯል። ያ የእሷ ስፌት ጥፋት አይደለም። ሰርጌ ላይ ብዙ በልቼ ነው።

እህትሽ ሉባባ